ከዲሲ ጀርባ ባሉት ተራሮች መሬት ልግዛ? ለእርሻ ኑሮና ለክፉ ቀን የሚሆን ካውንቲ ስለመምረጥ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተዘጋጀው ከዲሲ፣ ከሜሪላንድ ወይም ከሰሜን ቨርጂኒያ ተነስቶ ወደ ተራሮቹ ለመውጣት ለሚያስብ ሰው ነው። አትክልቱን አብቅሎ፣ በጉን አርብቶ መኖር የሚፈልግም ይሁን ለክፉ ቀን መሸሻ የሚያዘጋጅ፣ የሚያጣራው ነገር በአብዛኛው አንድ ነው። ምሳሌዎቹ የተወሰዱት በዌስት ቨርጂኒያ ካሉት ከሃምፕሸር፣ ከሃርዲ፣ ከፔንድልተንና ከፖካሆንታስ፣ በቨርጂኒያ በኩል ደግሞ በተለይ ከሃይላንድ ካውንቲ ነው።

መሬቱ ካማረኝ አይበቃም? ካውንቲውን ለምን አጣራለሁ?

ሴፕቲክ፣ ማለትም የቤቱን ፍሳሽ እዚያው መሬት ውስጥ የሚያስቀር ጉድጓድ፣ የሚፈቅድልዎ ወይም የሚከለክልዎ የካውንቲው ጤና ቢሮ ነው። ግብሩን የሚተምነው የካውንቲው አሴሰር ነው። ዲዱ፣ ማለትም የባለቤትነት ሰነዱ፣ የሚመዘገበው በዌስት ቨርጂኒያ በካውንቲ ክለርክ፣ በቨርጂኒያ በሰርኪት ኮርት ክለርክ ዘንድ ነው። አምቡላንሱም የሚነሳው ካውንቲው ውስጥ ካለ ጣቢያ ነው፣ ጣቢያ ካለ። አጥር መቀየር፣ ዛፍ መትከል፣ ቤት ማፍረስ ይቻላል። እነዚህን ግን ከገዙ በኋላ አይቀይሯቸውም። ስለዚህ መጀመሪያ ካውንቲውን፣ ከዚያ ሸለቆውን፣ በመጨረሻ መሬቱን ነው መምረጥ። አብዛኛው ገዢ የሚሄደው በተቃራኒው ነው፤ ፎቶ አይቶ ይወድና ሌላውን በኋላ ያጣራል። የሻጭ ፎቶ ደግሞ ቅጠሉ ቀይና ቢጫ በሆነበት በኦክቶበር የተነሳ ነው። እርስዎ በፌብሩዋሪ ሄደው ይዩት፤ ከተቻለም ኃይለኛ ዝናብ ባደረ ማግስት አንድ ጊዜ ይመለሱ።

መጀመሪያ የሚጣራው ምንድን ነው?

ውሃ። ሌላው ሁሉ በገንዘብ ይስተካከላል፤ ውሃ ግን ሁልጊዜ አይስተካከልም።

መሬቱ ላይ ጉድጓድ ካለ የቁፋሮ መዝገቡን ይጠይቁ። ከሌለ የአዋሳኞቹን መዝገብ ከጤና ቢሮው ወይም አካባቢውን ከሚያውቅ ቆፋሪ ያግኙ። መዝገቡ ላይ የሚፈለጉት አራት ቁጥሮች ናቸው፦ ጠቅላላው ጥልቀት፣ ፓምፕ ሳይሠራ ውሃው የሚቆምበት ደረጃ፣ በደቂቃ የሚሰጠው ጋሎን፣ የቱቦው ወርድ።

በደቂቃ 1 ጋሎን ብቻ የሚሰጥ ጉድጓድ ሲሰሙት ያስደነግጣል፤ በቀን ግን 1,440 ጋሎን ነው፤ ለአንድ ቤተሰብ ከበቂ በላይ። ችግሩ ሁሉም ሰው ጠዋት ሲታጠብ፣ ልብስ ማጠቢያውም አብሮ ሲሠራ ነው። ጉድጓዱ ይደርቅና ፓምፑ ያለ ውሃ ዞሮ ይቃጠላል። መፍትሔው ከ500 እስከ 1,000 ጋሎን የሚይዝ ታንከርና ውሃ ሲያልቅ ፓምፑን የሚያቆም መቆጣጠሪያ ነው። የቱቦው ወርድም ራሱ ማጠራቀሚያ ነው፤ 6 ኢንች ወርድ ያለው ቱቦ በአንድ ጫማ ቁመት 1.5 ጋሎን ገደማ ይይዛል፤ ስለዚህ 200 ጫማ ውሃ የቆመበት ጉድጓድ 300 ጋሎን አስቀምጦ ይጠብቅዎታል።

ለክፉ ቀን የሚገዙ ከሆነ ከጥልቀቱ ይልቅ ውሃው የቆመበትን ደረጃ ይዩ። 300 ጫማ የተቆፈረ ጉድጓድ ውሃው 60 ጫማ ላይ ከቆመ መብራት ሲጠፋ በእጅ ፓምፕ ይወጣል። የእጅ ፓምፕ ሲባል ግን ለጥልቅ ጉድጓድ የተሠራው ነው፤ በየሱቁ የሚሸጠው ቀዩ የብረት ፓምፕ ከ25 ጫማ በታች ያለ ውሃ አይስብም። ከኤሌክትሪኩ ፓምፕ ጋር ጎን ለጎን ለማስገባትም 6 ኢንች ቱቦ ያስፈልጋል። በጄኔሬተር ልነዳው የሚል ደግሞ አብዛኛው የጉድጓድ ፓምፕ 240 ቮልት መሆኑንና ሲነሳ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ኃይል እንደሚስብ ያስላ። ትንሿ 120 ቮልት ጄኔሬተር አታስነሳውም።

ውሃው ምን ይመረመራል?

ኮሊፎርምና ኢ ኮላይ፣ ናይትሬት፣ አርሰኒክ፣ እርሳስ፣ ብረትና ጠጣርነት። ናሙናው ከቧንቧው ጫፍ ያለችው ማጣሪያ ወልቃ፣ ውሃው ለጥቂት ደቂቃ ፈስሶ፣ በላቦራቶሪው ጠርሙስ ይወሰዳል፤ በጁስ ጠርሙስ የተወሰደ ናሙና ዋጋ የለውም። ናይትሬት ከ10 ሚሊግራም በሊትር ካለፈ ለጨቅላ ሕፃን ወተት አይበጠበጥበትም። ማፍላት አያድነውም፤ ውሃው ሲተን ናይትሬቱ ይበልጥ ይወፍራል። ይህ በሃርዲ ካውንቲ ትርጉም አለው፤ ሙርፊልድ ዙሪያ የዶሮ እርባታ ትልቁ ሥራ ነው፣ የዶሮው ፍግም በየማሳው ይበተናል። ለአትክልትዎ ርካሽና ግሩም ማዳበሪያ ነው፤ ከጉድጓድዎ በላይ ያለው ማሳ ላይ ሲበተን ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

«ምንጭ አለው» ብለውናል። አስተማማኝ ነው?

ምንጩ የሚፈልቀው ከየትኛው ድንጋይ ነው? በአሸዋ ድንጋይና በሼል (በቀላሉ የሚፈረካከስ ንጣፍ ድንጋይ) ተራሮች ላይ ያለ ምንጭ ብዙ ጊዜ ንጹህ ነው፤ ነገር ግን በኦገስትና በሴፕቴምበር ይከሳል። በኖራ ድንጋይ ሸለቆዎች፣ ማለትም በሸናንዶዋ ሸለቆ፣ በግሪንብራየር፣ በፔንድልተኑ ጀርመኒ ቫሊ፣ ምንጩ ብዙ ውሃ ይሰጣል፤ ውሃው ግን ሳይጣራ በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ሮጦ የመጣ ነው። በሃርዲ ካውንቲ ሎስት ሪቨር የሚባለው ወንዝ ተራራ ሥር ገብቶ ይጠፋና ዋርደንስቪል አጠገብ ካካፖን ተብሎ ይወጣል። ወንዝ ሙሉው እንዲህ የሚያልፍ ከሆነ የጎረቤት ከብት ሽንትም ያልፋል። በእንዲህ ያለ ቦታ ምንጩ ዝናብ በጣለ ማግስት ከደፈረሰ እንደ ወንዝ ውሃ ይቁጠሩት፤ ሳይጣራና ሳይታከም አይጠጣም።

ሻጩን «ዓመቱን ሙሉ ይፈስሳል?» ብሎ መጠየቅ ጥቅም የለውም፤ መልሱ ሁልጊዜ አዎ ነው። በሴፕቴምበር ባለ 5 ጋሎን ባልዲ ይዘው ሄደው ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ በሰዓት ይለኩ። 5 ጋሎኑ በ5 ደቂቃ ከሞላ ያው በደቂቃ 1 ጋሎን ነው።

ዝናቡና ብርዱስ?

ደመናው ከምዕራብ ይመጣና የአሌጌኒ ገመገምን ሲወጣ ያወርደዋል። ስለዚህ ከገመገሙ በምዕራብ ያሉት ከፍታዎች በዓመት ከ50 ኢንች በላይ ሲያገኙ፣ በምሥራቅ ጥግ የተሸሸጉት ከተሞች ሮምኒ፣ ሙርፊልድና ፒተርስበርግ ከ35 ኢንች ብዙም አይርቁም። ለሰማይ ውሃ ለሚያጠራቅም ሰው ሒሳቡ ቀላል ነው፦ 1,000 ስኩዌር ጫማ ጣሪያ ላይ 1 ኢንች ሲዘንብ 620 ጋሎን ገደማ ነው፤ የሚፈሰውና የሚባክነው ከዚያ ይቀነሳል።

ሮምኒ ከባሕር ወለል በላይ 250 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የሃይላንድ ካውንቲዋ ሞንተሪ ደግሞ ወደ 880 ሜትር ትጠጋለች። ልዩነቱ በውርጭ ነው የሚታየው፤ ሮምኒ ቲማቲም መሬት ሲገባ ሞንተሪ ገና ውርጭ ይፈራል፤ በመጸውም ውርጩ ቀድሞ የሚመጣው ሞንተሪ ነው። የሸለቆ ወለል ደግሞ ሌሊት ብርዱን ያጠራቅማል፤ ከጎኑ ካለው ተዳፋት ወገብ ይልቅ ወለሉ ላይ ያለው አትክልት ቀድሞ ይመታል። ፖምና ኮክ ለመትከል የተዳፋቱን ወገብ ይምረጡ።

አፈሩን እንዴት አውቃለሁ?

የፌዴራሉ ግብርና መሥሪያ ቤት ዌብ ሶይል ሰርቬይ የሚባል ነፃ ካርታ አለው። የመሬቱን ወሰን በካርታው ላይ ሲያሰምሩ የአፈሩን ስም፣ ጥልቀት፣ ተዳፋትና ለሴፕቲክ ያለውን ብቃት ይነግርዎታል። በሃምፕሸርና በሃርዲ ተራራዎች ላይ ዋይከርት የሚል ስም በብዛት ያያሉ። ዋይከርት ማለት ከ10 እስከ 20 ኢንች አፈር፣ ከዚያ በታች ሼል ማለት ነው፤ በእኛ አነጋገር ጭንጫ። ጥድና ኦክ ይወጣበታል፣ አጋዘን ይኖርበታል። በጁላይ ግን ሳምንት ሳይዘንብ ሣሩ ይጠወልጋል። በርክስ የሚባለው ዘመዱ ከ20 እስከ 40 ኢንች ስላለው ትንሽ ይሻላል። እውነተኛው የእርሻ መሬት የወንዝ ዳር ደለል ነው፤ እሱ ደግሞ ውድ ነው፣ ጎርፍም ይደርሰዋል። በነዚህ ካውንቲዎች መሬት መምረጥ ከሞላ ጎደል ከጭንጫና ከጎርፍ መካከል ያለችውን ቀጭን ቁራጭ መፈለግ ነው፤ ወንዙ ከሚሞላበት በላይ ያለውን እርከንና የተራራውን እግር።

ካርታው ግምት ነው። አካፋ ይዘው ይሂዱ። ለአትክልት ባሰቡት ቦታ ላይ ሦስት ጉድጓድ እስከ 2 ጫማ ይቆፍሩ። አካፋው በ8 ኢንች ላይ ድንጋይ ከነካ አትክልቱ በመደብ ካልሆነ አይሆንም፤ ሴፕቲኩም ከባድ ነው። ግራጫና ቀይ ዝንጉርጉር አፈር ከወጣ ደግሞ ቦታው በብርድ ወራት ውሃ ያቁራል ማለት ነው። ናሙናውን ለካውንቲው የኤክስቴንሽን (የእርሻ ምክር) ቢሮ ይስጡ፤ አፈሩ አብዛኛውን ጊዜ ኮምጣጣ ስለሆነ በኤከር 1 ወይም 2 ቶን ኖራ ይጨመር ቢሉዎት አይገረሙ።

ጤፍ ይበቅላል?

ይበቅላል፤ ግን ለእንጀራ ብለው አይግዙ። በቨርጂኒያ አካባቢ ጤፍ የሚዘራው ለመኖ ነው። አፈሩ 65 ዲግሪ ፋራናይት ሲደርስ፣ ማለትም በሜይ መጨረሻ ወይም በጁን፣ በኤከር ከ4 እስከ 5 ፓውንድ ይዘራል፤ የተለበጠ ዘር ከሆነ እጥፉ። ከሩብ ኢንች በላይ አይቀበርም። ለድርቆሽ በሚገባ ይሆናል። ለፍሬ ግን ሁለት ጠላት አለው፦ ጤፍ አጭር ቀን ስለሚወድ በረዥሙ የበጋ ቀን ማበብ ያዘገያል፣ ሲያፈራ ደግሞ በነሐሴ ነጎድጓድ ይተኛል። በዚያ ላይ በቀላል ውርጭ ይሞታል። በአሜሪካ ለእህል የሚመረተው ጤፍ በአብዛኛው እንደ አይዳሆ ካሉ ደረቅና በመስኖ የሚለሙ ቦታዎች የሚመጣው በዚህ ነው። እዚህ ተራሮች ላይ ያለ ብዙ ልፋት የሚያጠግቡት ድንች፣ ጎመን፣ ባቄላ፣ በቆሎ፣ በኦክቶበር ተተክሎ በጭድ ተሸፍኖ የሚከርም ነጭ ሽንኩርት ናቸው።

አትክልቱን የሚበላው ከእርስዎ በፊት አጋዘን ነው። 8 ጫማ አጥር ወይም ሁለት ረድፍ የኤሌክትሪክ አጥር በበጀቱ ውስጥ ይግባ። ንብና ዶሮ ደግሞ ከድብ የሚድኑት በኤሌክትሪክ አጥር ብቻ ነው።

በግና ፍየልስ? ስንት ኤከር ይበቃል?

በጥሩ ሣር ላይ በኤከር ከ3 እስከ 5 እናት በግ ይቻላል፤ በጭንጫው ላይ ግማሹን ይቁጠሩ። አንዷ እናት በግ በቀን ከ3 እስከ 4 ፓውንድ ድርቆሽ ትበላለች፤ 5 ወር ብርድ ቢቆጠር በነፍስ ወከፍ 500 ፓውንድ ገደማ ነው። ድርቆሹን ራስዎ ካላመረቱ የሚያመርት ጎረቤት ያለበት ካውንቲ ይምረጡ።

ከብርዱ ይልቅ በግን የሚገድለው እርጥቡ በጋ ነው። ደም መጣጩ የጨጓራ ትል በጁላይና በኦገስት ይበረታል፤ ጠቦቱ ትናንት ሲዘል የነበረ ዛሬ ሞቶ ይገኛል። የዓይኑን ቆብ ገልብጠው ይዩ፤ ነጭ ከሆነ ደሙ አልቋል። ካታዲን የሚባለው ዝርያ ይቋቋመዋል፣ ጸጉሩም መሸለት አይፈልግም። ፍየል ላይ ደግሞ ከአጋዘን በቀንድ አውጣ በኩል የሚተላለፍ የአንጎል ትል አለ፤ ረግረግ ያለበት መሬት ለፍየል አይሆንም።

ለፋሲካ ለወዳጅ ለመሸጥ ያሰበ ይህን ይወቅ፦ በጉን በሕይወቱ መሸጥ ይቻላል። አርደው ሥጋውን በኪሎ የሚሸጡ ከሆነ ግን ኢንስፔክተር ባለበት ቄራ መታረድ አለበት። ስለዚህ ካውንቲውን ሲያጣሩ ቄራው ስንት ማይል እንደሚርቅና ቀጠሮው ስንት ወር እንደሚያስጠብቅ ይጠይቁ።

ለማገዶ አንድ ኤከር የጎለመሰ ጠንካራ እንጨት ያለው ጫካ ሳይመናመን በዓመት ግማሽ ኮርድ ገደማ ይሰጣል (ኮርድ 4 በ4 በ8 ጫማ የተከመረ እንጨት ነው)። ቤቱ 5 ኮርድ የሚፈጅ ከሆነ 10 ኤከር ጫካ ነው። አትክልቱንና በጎቹን ሲደምሩ ከ15 እስከ 20 ኤከር፣ ከግማሽ በላዩ ጫካ፣ ለአንድ ቤተሰብ የሚመች መጠን ነው። 5 ኤከር ለአትክልትና ለዶሮ ይበቃል።

የጎርፍ ካርታው ላይ ከሌለሁ ደህና ነኝ?

አይደሉም። ፌማ በተባለው የፌዴራል የአደጋ መሥሪያ ቤት ካርታ ላይ ኤ ወይም ኤኢ የተባለ ዞን በማንኛውም ዓመት 1 ከመቶ የመጥለቅለቅ ዕድል አለው፤ ይህ በ30 ዓመት ሲታሰብ 26 ከመቶ ይደርሳል። ከዚያ ዞን መራቅ የመጀመሪያው ነው፤ ግን ካርታው ትንንሾቹን ጅረቶች ሁሉ አላጠናም። በኖቬምበር 1985 የፖቶማክን ደቡባዊ ገባር ጨምሮ ወንዞቹ ሞልተው በዌስት ቨርጂኒያ 47 ሰው ሞተ፤ ፔንድልተን፣ ግራንትና ሃርዲ በጣም ከተጎዱት ነበሩ። በጁን 2016 ደግሞ ግሪንብራየርና አካባቢው ላይ በአንድ ቀን በወረደ ዝናብ 23 ሰው ሞተ። በቨርጂኒያ ኔልሰን ካውንቲ በኦገስት 1969 ካሚል የተባለው አውሎ ነፋስ ቅሪት ከ25 ኢንች በላይ ባወረደባት ሌሊት ከ100 በላይ ሰው አልቋል፤ ብዙዎቹን የገደለው የወንዝ ሙላት ብቻ ሳይሆን ከተራራው ጉያ የተናደው አፈርና ድንጋይ ነው።

ከዚህ የሚወሰደው ይህ ነው፦ ቤት ከጅረት ዳር ብቻ ሳይሆን ሁለት ተዳፋት የሚገናኙበት ሰርጥ አፍ ላይም አይሠራም። ቦታው ላይ ትላልቅ ድንጋዮች በአፈር ተቀላቅለው በማራገቢያ ቅርጽ ተበትነው ካዩ አንድ ጊዜ የወረደ ነገር ነው፤ ይወርዳል።

መንገዱ ላይ ምን ይታያል?

ቤትዎ ደረቅ ሆኖ መንገድዎ ውሃ ውስጥ ሊሆን ይችላል። እዚህ አካባቢ ወንዝ ሲሞላ ውሃ በላዩ እንዲያልፍ ተብለው የተሠሩ ዝቅተኛ ድልድዮች አሉ። ወደ መሬቱ የሚያስገባው ብቸኛ መንገድ በዚያ ካለፈ በዓመት ስንት ቀን እንደሚዘጋ የፖስታ አመላላሹን ይጠይቁ፤ ሻጩን አይደለም።

በሁለቱም ስቴት የሕዝብ የሆነውን የገጠር መንገድ የሚጠግነው በአብዛኛው ስቴቱ ነው። የግል መንገድ ከሆነ ግን በረዶውን የሚጠርግ እርስዎና ጎረቤትዎ ናችሁ። የጥገና ስምምነቱ በጽሑፍ አለ? መግቢያው በሌላ ሰው መሬት የሚያልፍ ከሆነ ኢዝመንቱ (የማለፍ መብቱ) ዲዱ ላይ ተጽፏል? «ሁሌም በዚህ ነው የምናልፈው» ሰነድ አይደለም። ጎረቤቱ መሬቱን በሸጠ ማግስት ሰንሰለት ይዘረጋል።

ዞኒንግ የሌለው ካውንቲ ማለት የፈለግኩትን እሠራለሁ ማለት ነው?

ብዙ የዌስት ቨርጂኒያ ገጠር ካውንቲዎች ዞኒንግም (የትኛው መሬት ለምን እንደሚውል የሚወስን ደንብ) የግንባታ ኮድ ተቆጣጣሪም የላቸውም። ለዚህ ነው ፕሬፐሮች፣ ማለትም ለክፉ ቀን የሚዘጋጁ ሰዎች፣ የሚወዷቸው። ቨርጂኒያ ግን ስቴቱን በሙሉ የሚገዛ የግንባታ ኮድ አላት፤ ከሱ ነፃ የሆነው የእርሻ ሕንፃ ነው፣ በረትና ጎተራ።

ዞኒንግ በሌለበትም ሦስት ነገር ይይዝዎታል። አንዱ ሴፕቲክ ነው፤ ያለ ጤና ቢሮ ፈቃድ ካምፐር (በመኪና የሚጎተት ቤት) አቁሞ መኖር አይቻልም። ሁለተኛው በጎርፍ ዞን መሥራት ነው፤ ፈቃድ ይጠይቃል። ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚወድቅበት ነው፦ የሰብዲቪዥን ኮቨናንት፣ ማለትም ተሸንሽኖ በተሸጠ ቦታ ላይ በሰነድ የተጣለ የአጠቃቀም ገደብ። በሃምፕሸር ካውንቲ ለዲሲ ሰው ለመዝናኛ ተብለው የተሸነሸኑ ብዙ ቦታዎች አሉ፤ ጫካ ይመስላሉ፣ በሰነዳቸው ግን ዶሮና በግ፣ ካምፐር፣ አንዳንዴም ተንቀሳቃሽ ቤት የተከለከለባቸው ናቸው። ኮቨናንቱ በክለርኩ ቢሮ ስለሚገኝ ከመግዛትዎ በፊት ሙሉውን ያንብቡ። ዞኒንግ አለመኖሩ ደግሞ ለጎረቤትዎም ነው፤ እሱም የፈለገውን ከአጥርዎ ሥር ሊያቆም ይችላል።

ግብሩ እንዴት ነው?

በዌስት ቨርጂኒያ ንብረት የሚተመነው በገበያ ዋጋው 60 ከመቶ ላይ ነው። ባለቤቱ የሚኖርበት ቤትና እርሻ ክላስ 2 ይባላል። የሳምንት መጨረሻ ቤትና ባዶ መሬት ክላስ 3 ሲሆን የግብር መጣኔው የክላስ 2 እጥፍ ነው። ስለዚህ መኖሪያዎን ሜሪላንድ አድርገው እዚያ መሸሻ ብቻ ከያዙ ግብሩን በእጥፉ ያስሉት። የእርሻ ተመን የሚፈልግ በየዓመቱ እስከ ሴፕቴምበር 1 ለአሴሰሩ ማመልከት አለበት። 65 ዓመት የሞላው ነዋሪ ከተተመነው ላይ 20,000 ዶላር ይቀነስለታል።

በቨርጂኒያ ላንድ ዩስ የተባለውን ቅናሽ የሚሰጡት የተቀበሉት ካውንቲዎች ብቻ ናቸው፤ ለእርሻ ቢያንስ 5 ኤከር፣ ለጫካ 20 ኤከር ያስፈልጋል። አጠቃቀሙን ከቀየሩ ያለፉት 5 ዓመታት ልዩነት ከነወለዱ ይመለሳል።

ርካሽ መሬት አገኘሁ። ምን ሊኖርበት ይችላል?

ርካሹ መሬት በአብዛኛው ከነዚህ በአንዱ ነው ርካሽ የሆነው፦ መግቢያ የለውም፣ ሴፕቲክ አልፈቀደም፣ ወይም ታይትሉ (የባለቤትነት መብቱ) የተበላሸ ነው። በግብር ዕዳ የተሸጠ መሬት ታይትሉ በፍርድ ቤት ካልጸዳ የታይትል ኢንሹራንስ አይሰጠውም፤ ዋጋው ላይ የጠበቃውን ይደምሩ። ሻጩ ራሱ በየወሩ እያስከፈለ የሚሸጥልዎ ከሆነ ዲዱ መቼ እንደሚዞርልዎ ይዩ፤ ከፍለው እስኪጨርሱ በሱ ስም ከቆየ በሱ ዕዳ መሬቱ ሊያዝ ይችላል። ቢያንስ ውሉ በክለርኩ ዘንድ ይመዝገብ።

በዌስት ቨርጂኒያ ደግሞ ከመሬቱ በታች ያለው ማዕድን ብዙ ጊዜ ከመቶ ዓመት በፊት ተለይቶ ተሸጧል። የጋዝ ወይም የከሰል መብት ያለው ሰው ለሥራው የሚያስፈልገውን ያህል መሬትዎን የመጠቀም መብት ሊኖረው ይችላል። ታይትል የሚመረምረውን ጠበቃ ማዕድኑንም እንዲመረምር በግልጽ ይንገሩት፤ ካልተነገረው አያየውም።

ክፉ ቀን ቢመጣ ከዲሲ እንዴት እደርሳለሁ?

ሮምኒ በመደበኛ ቀን ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በክፉ ቀን ግን አይ-66 ቀድሞ ይዘጋል፤ በአርብ ማታ እንኳ ይዘጋ የለ። መንገድ 7ንና መንገድ 50ን ቀደም ብለው በቀንም በሌሊትም ነድተው ይልመዱ። ሁለቱም ሸናንዶዋ ወንዝን በድልድይ ይሻገራሉ፤ ማነቆው እዚያ ነው። መድረሻው ያለ ነዳጅ ማደያ በአንድ ሙሉ ታንክ ተሄዶ፣ ቢያንስ ሩቡ የሚቀርበት ርቀት ቢሆን መልካም ነው።

መብራትና ስልክ?

በጁን 29 ቀን 2012 የመጣው ዴሬቾ የተባለ ኃይለኛ የነፋስ ማዕበል በዌስት ቨርጂኒያ ብዙ መቶ ሺህ ቤት ጨለማ ውስጥ ጣለ፤ በገጠሩ ከሳምንት በላይ የቆየ ነበር፣ በዚያ ሙቀት። መስመሩ የሚያልቅበት ቤት መጨረሻ ነው የሚጠገነው። ከምሰሶው እስከ ቤቱ ያለውን የመስመር መዘርጊያ ዋጋ ከመግዛትዎ በፊት በጽሑፍ ይጠይቁ።

ስልክን በተመለከተ ከ1958 ጀምሮ 13,000 ስኩዌር ማይል የሚሸፍን ጸጥ ያለ የራዲዮ ቀጠና አለ፤ በፖካሆንታስ ካውንቲ ግሪን ባንክ ላለው ቴሌስኮፕ ሲባል ነው። ፔንድልተንና ሃይላንድም ውስጡ ናቸው። ሰፊ አካባቢ የሞባይል ሲግናል የለውም፤ ግሪን ባንክ አጠገብ ራዲዮ የሚረብሽ መሣሪያ ላይ የስቴት ሕግም አለ። ጸጥታ የሚፈልግ ይወደዋል። በርቀት የሚሠራ ሰው ግን የኢንተርኔት አቅራቢውን በትክክለኛው አድራሻ ጠይቆ ነው መግዛት ያለበት፤ ሳተላይቱንም ጭምር።

ሆስፒታልስ?

ሮምኒና ፒተርስበርግ ትንንሽ ሆስፒታል አላቸው። ፔንድልተንና ሃይላንድ ሆስፒታል የላቸውም፤ ክሊኒክ ነው ያለው። ከባድ ጉዳት ወደ ዊንቸስተር ወይም ወደ ሃሪሰንበርግ ይሄዳል። የልብ ሕመምተኛ ወይም እርጉዝ ያለበት ቤት ይህን ከዋጋው በፊት ይመልከት። የእሳት አደጋው አብዛኛው በፈቃደኛ ነው። ቤቱ ከጣቢያው በመንገድ ከ5 ማይል በላይ ከራቀ የቤት ኢንሹራንስ ይወደዳል፣ አንዳንዱ ድርጅትም አይቀበልም።

ሰዉ እንዴት ይቀበለናል?

በነዚህ ካውንቲዎች ከአሥሩ ነዋሪ ዘጠኙ ወይም ከዚያ በላይ ነጭ ነው፤ ቤተ ክርስቲያናችሁም ገበያችሁም ዲሲ ነው የሚቀረው። ይህን ለልጆች ትምህርት ቤት ሲያስቡ አይርሱት። ካውንቲ ከካውንቲ፣ ሸለቆ ከሸለቆ ይለያያል፤ በስልክ አይታወቅም። ቅዳሜ ጠዋት መኖ መሸጫው ሄደው ስለ ድርቆሽ ዋጋ ይጠይቁ፤ የእሳት አደጋ ጣቢያው እራት ሲያዘጋጅ ከነቤተሰብ ይሂዱ። ሊገዙ ያሰቡትን መሬት አዋሳኝ በር አንኳኩተው ራስዎን ያስተዋውቁ። ቤት ባዶ ሲሆን የሚያይልዎ፣ በረዶውን በትራክተሩ የሚጠርግልዎ እሱ ነው፤ ከበሩ የሚያገኙት ፊት ካልጣመዎ ሌላ መሬት አለ።

ውሉ ላይ ምን ይጻፍ?

ቀብዱ ተመላሽ የሚሆንባቸው ሁኔታዎች፦ የፐርክ ቴስቱ (አፈሩ ውሃ የሚመጥበት ፍጥነት ፈተና) አልፎ ጤና ቢሮው ለሚፈልጉት የመኝታ ክፍል ብዛት ሴፕቲክ ከፈቀደ፣ የጉድጓዱ መጠንና ምርመራ ከተቀበሉት፣ መግቢያው በተመዘገበ ኢዝመንት ከሆነ፣ ሰርቬየሩ ወሰኑን በችካል ካሳየ፣ ታይትሉ ከነማዕድኑ ከተመረመረ። ጊዜው 60 ቀን ይሁን፤ 30 ቀን አይበቃም፣ የጤና ቢሮው ሰው በብርድ ወራት መሬቱ እርጥብ ነው ወይም ቀዝቅዟል ብሎ ሊያዘገየው ይችላልና። ፐርክ ቴስቱ ወድቆ አማራጭ ሲስተም ከተባሉ ዋጋው ከተራው እጥፍና ከዚያም በላይ ስለሚሆን፣ ያንን ልዩነት ከመሬቱ ዋጋ ላይ ለማስቀነስ ወይም ለመውጣት የሚያስችል ዓረፍተ ነገር ለብቻው ይግባ። ሻጩ ይህን አልፈርምም ካለ ቴስቱን አስቀድሞ ያውቀዋል ማለት ነው።